ለቤት እድሳት አቧራ የሚሆን ቫኪዩም እንዴት ይመረጣል?

«ቤት እያደስኩ ነው፤ የትኛውን ቫኪዩም ልግዛ?» ይህ ጥያቄ ከደብረ ማርቆስም፣ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከባሕር ዳርም ይደርሰኛል። ግማሹ ጠያቂ የሚመጣው ከተቃጠለበት በኋላ ነው። የሳሎን ምንጣፍ የሚያጸዳበትን ቫኪዩም የጀሶ አቧራ ላይ አሠርቶት ሞተሩ አልቋል። እኔም የመጀመሪያዬን ያጣሁት እንዲሁ ነው። ሁለት ክፍል ስቱኮ አሽቼ ከጨረስኩ በኋላ ወለሉን በቤት ቫኪዩም ላጽዳ ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ ድምፁ ቀጠነ። ቀጥሎ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከዚያ ቆመ። ስፈታው ማጣሪያው እንደ ተለሰነ ግድግዳ ነጭ ሆኖ ተደፍኗል።

ስለዚህ መልሱን ከነምክንያቱ በቅደም ተከተል ልጻፈው። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ገንዘባችሁን የምታወጡት ለማጣሪያው ነው። ሞተሩም በርሜሉም ቱቦውም ማጣሪያውን ለማገልገል ነው የተሠሩት። ሱቅ ውስጥ ግን ሻጩ የሚያሳያችሁ ዋቱን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ወደ ሱቅ ስትሄዱ ይዛችሁ የምትሄዱት፦
- ሜትር ወይም ማስመሪያ
- የግራይንደራችሁና (በሚዞር ዲስክ የሚቆርጠው) የሳንደራችሁ (በሸካራ ወረቀት የሚያሸው) ዋት፣ የዲስኩ ስፋት በኢንች፣ የአቧራ መውጫ ካላቸው የመውጫው ስፋት በሚሊ ሜትር (ወረቀት ላይ ጻፉት)
- እፍኝ ጀሶ በፌስታል
- እርጥብ ጥቁር ጨርቅ

ከቫኪዩሙ ጋር አብራችሁ የምትገዙት፦
- ቢያንስ አንድ ትርፍ ማጣሪያ
- ከረጢት፣ ከተገኘ አምስት ያህል
- ለውኃ የሚሆን የስፖንጅ ማጣሪያ
- ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ማራዘሚያ
- ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የተጻፈበት ማስክና የዓይን መነጽር
- ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ (ባዶውን ከቀለም ቀቢዎች ታገኛላችሁ)
- ለበር መጋረጃ የሚሆን ወፍራም ላስቲክ

1. መጀመሪያ አቧራችሁን ለዩ

ሰው ሁሉ የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። ምን ዓይነት አቧራ እንደሚወጣ ሳታውቁ ማጣሪያ መምረጥ አትችሉም። ቤታችሁ ውስጥ ግቡና የምታፈርሱትን፣ የምትቆርጡትንና የምታሹትን ሁሉ ጻፉ።

የጭቃ ቤት ከሆነ። በጎጃም ከተሞች ብዙ እድሳት የሚጀምረው ከዚህ ነው። በባሕር ዛፍ የቆመ፣ በጭቃና በጭድ የተመረገ ግድግዳ ሲፋቅ ሦስት ነገር አብሮ ይወርዳል፦ ጓል፣ ጭድና እንደ ዱቄት የላመ አፈር። ጓሉን በአካፋ አንሱት፤ የቫኪዩም ሥራ አይደለም። ችግሩ ጭዱ ነው። ጠባብ ቱቦ ውስጥ ገብቶ መታጠፊያው ላይ ይጠላለፋል፤ ከኋላው የመጣው አፈር ደግሞ እላዩ ላይ ይከመራል። ለዚህ ቤት ሰፊ ቱቦ የግድ ነው። በእበት የተለቀለቀ ወለል ሲነሳም እንዲሁ ነው።

የአቡጀዴ ኮርኒስ። ለዓመታት የተጠራቀመ አቧራና የአይጥ ቆሻሻ ከላይ አለ። ከማውረዳችሁ በፊት በመርጫ ውኃ ከላይም ከታችም በስሱ አርጥቡት። ምክንያቱም የደረቀ የአይጥ ቆሻሻ ሲበን በትንፋሽ የሚገባ በሽታ ሊያስይዝ ይችላል። የረጠበውን ጠቅልላችሁ አውጡት። ቫኪዩሙ የሚመጣው ለቀረው ነው።

የማድ ቤት ጥላሸት። ከሁሉም የላመው ይህ ነው። ያለ ከረጢት ከሳባችሁት ማጣሪያውን በደቂቃዎች ውስጥ ያጠቁረዋል፤ ደግሞም ሲራገፍ አይለቅም።

ሲሚንቶ፣ ብሎኬት፣ ሴራሚክ፣ ግራናይት። እዚህ ላይ ቆም በሉ። አሸዋ ያለበት ነገር ሁሉ ውስጥ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለ። በግራይንደር ሲቆረጥ ወይም በድሪል ሲበሳ ሲሊካ የሚባል ደቂቅ ብናኝ ይወጣዋል። የፀጉር ዘለላ ውፍረት 70 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ገደማ ነው። ሳንባ ድረስ የሚዘልቀው ብናኝ ግን ከ10 ማይክሮን በታች ነው፤ በዓይን አይታይም፤ አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ሲጠራቀም ሲሊኮሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ ያመጣል። ይህ በሽታ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ከዝርዝራችሁ ውስጥ ኮንክሪትና ሴራሚክ መቁረጥ ካለ የማጣሪያውን ደረጃ የሚወስነው እሱ ነው።

ጀሶ፣ ስቱኮና ጅፕሰም። እጅግ የላመና የሚጣበቅ። ሞተር የሚገድለው ይኸው ነው።

እንጨትና ችፑድ። ቀላል ነው፤ ግን ቦታ ይፈጃል፤ በብልጭታም ይያያዛል።

አሮጌ የዘይት ቀለም። እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። በደረቁ አትሹት። አርጥባችሁ ፋቁት፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴት ከቤቱ ይራቁ።

2. ውኃ የሚስብ ዓይነት ብቻ ምረጡ

የቤት ቫኪዩም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በሚስበው አየር ራሱ ነው። ማጣሪያው ሲደፈን አየሩ ይቆማል። አየሩ ሲቆም ሞተሩ ይግላል። ማጣሪያውን ያመለጠ ጀሶ ደግሞ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። የእኔ የተቃጠለው በዚህ ነው።

ለእርጥብም ለደረቅም ተብሎ የሚሸጠው ግን ሞተሩ ለብቻው የሚቀዘቅዝበት ሌላ የአየር መንገድ አለው። ውኃ ሞተሩ ጋ እንዳይደርስ ሲባል ነው ሁለቱ የተለያዩት። አቧራው ሲደፍነው መሳቡ ይደክማል እንጂ ሞተሩ ወዲያው አይነድም። ስለዚህ ሻጩን «ውኃ ይስባል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አይስብም ካለ አልፋችሁ ሂዱ፤ የቱንም ያህል ቢያምር።

3. ማጣሪያውንና ከረጢቱን መርምሩ

ክዳኑን አስከፍቱና ማጣሪያውን በእጃችሁ ያዙት። ስስ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ለእድሳት አይሆንም። እንደ ማራገቢያ የተጣጠፈ ወረቀት መሰል ማጣሪያ ያስፈልጋችኋል። መጣጠፉ ለጌጥ አይደለም። ስፋቱን ስለሚያበዛው ቶሎ አይደፈንም።

በአውሮፓ ደረጃ የተሠሩት ላይ ከሦስት ፊደላት አንዱ ይጻፋል፦ ኤል፣ ኤም ወይም ኤች። ኤል ቢያንስ 99 በመቶ ይይዛል። ኤም 99.9 በመቶ። ኤች 99.995 በመቶ። ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ይመስላሉ፤ ግን በሌላ ጎን እዩት። አንድ ኪሎ ብናኝ ብትስቡ ኤል እስከ 10 ግራም መልሶ ወደ ክፍሉ ሊተፋ ይችላል። ኤም አንድ ግራም። ኤች የአንድ ግራም ሃያኛ። 10 ግራም የሲሊካ ብናኝ አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ነው።

ኮንክሪትና ሴራሚክ በብዛት የምትቆርጡ ከሆነ ወይም ሥራችሁ ይኸው ከሆነ ኤም ግዙ። ዋጋው ይከብዳል። ነገር ግን የአየር ፍሰቱ ሲቀንስ የሚጮህ ማስጠንቀቂያም አለው፤ መቼ ማጽዳት እንዳለባችሁ አትገምቱም። አንድ ቤት አድሳችሁ ለምታቆሙ ሰዎች ኤል በቂ ሊሆን ይችላል፤ ግን በሦስት ሁኔታ፦ ሄፓ ማጣሪያ የሚገጠምለት ከሆነ፣ ከረጢት የሚቀበል ከሆነ፣ እናንተም ማስክ የምታደርጉ ከሆነ። ትክክለኛ ሄፓ 0.3 ማይክሮን የሆነውን ብናኝ 99.97 በመቶ ይይዛል። ካርቶኑ ላይ «ሄፓ ዓይነት» ወይም «እንደ ሄፓ» የሚል ካለና ቁጥር ካልተጻፈበት ሄፓ ነው ብላችሁ አትክፈሉ።

ስለ ከረጢት። ብዙ ሰው «ለምን በየጊዜው ልግዛ?» ብሎ ይተወዋል። ከረጢቱ ግን ራሱ የመጀመሪያው ማጣሪያ ነው። አቧራው እሱ ውስጥ ይቀርና ዋናው ማጣሪያ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ስትደፉም አቧራው ተመልሶ አይበንም። የወረቀት አለ፣ የጨርቅ መሰል አለ። የጨርቅ መሰሉን ውሰዱ። ወረቀቱ በኮንክሪት ስባሪ ይቀደዳል።

እዚህ ላይ አንድ የሀገራችን ነገር አለ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማጣሪያው ሥራ መሐል ቢቀደድና እዚያው ከተማ ባይገኝ ሥራው ይቆማል፤ ወይም ደግሞ ያለ ማጣሪያ ይቀጥላል፤ የኋለኛው ሞተሩን ይገድለዋል። ስለዚህ ትርፍ ማጣሪያ የሌለውን ቫኪዩም አትግዙ። «በኋላ እናመጣልሃለን» የሚለውን አትቀበሉ። ትርፉን አብራችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ውጡ።

4. ዋቱን ተዉና ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ

ዋት የሚነግራችሁ ምን ያህል መብራት እንደሚበላ ነው። ምን ያህል እንደሚስብ አይነግራችሁም። የምትፈልጉት እነዚህን ነው።

የአየር ፍሰት፦ በሊትር በሰከንድ ወይም በኪዩቢክ ሜትር በሰዓት ይጻፋል። የመጀመሪያውን በ3.6 ብታባዙት ሁለተኛውን ይሰጣችኋል። በአየር ላይ የሚበን አቧራን የሚሰበስበው ይህ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ ለግራይንደር መሸፈኛ የሚጠይቀው በእያንዳንዱ ኢንች ዲስክ በደቂቃ 25 ኪዩቢክ ጫማ አየር ነው። በእኛ ስሌት ለአንድ ኢንች 12 ሊትር በሰከንድ ገደማ ማለት ነው። ባለ 4.5 ኢንች ግራይንደር ካላችሁ 53 ያህል ይሆናል። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው ያለ ቱቦና ያለ አቧራ ስለሆነ 60 እና ከዚያ በላይ የሚለውን ፈልጉ።

የመሳብ ኃይል፦ በኪሎ ፓስካል ወይም በሚሊ ባር ይጻፋል። 200 ሚሊ ባር 20 ኪሎ ፓስካል ነው። ከባዱን አሸዋና ስባሪ የሚያነሳው ይህ ነው። ከ20 ኪሎ ፓስካል በታች አትውረዱ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር። እነዚህ ቁጥሮች የሚለኩት ለባሕር ወለል በቀረበ ቦታ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ደብረ ማርቆስ ላይ የመሳብ ኃይሉ ካርቶኑ ከሚለው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል ብላችሁ አስቡ። 20 ኪሎ ፓስካል የተባለው 16 ገደማ ይሆናል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየርም እንዲሁ ስስ ነው። ለዚህ ነው ደገኞቹ ከዝቅተኛው ልክ ትንሽ ከፍ ያለውን ግዙ የምላችሁ፤ በየግማሽ ሰዓቱም አሳርፉት።

ካርቶኑ ላይ «ፒክ ሆርስ ፓወር» የሚል ትልቅ ቁጥር ካያችሁ አትቁጠሩት። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። 1,400 ዋት የሚበላ ሞተር ሁለት የፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም።

5. ከቤታችሁ መብራት ጋር አስታርቁት

የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ባለ 120 ቮልት ቫኪዩም ሶኬት ላይ ሲሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ልግዛለት ብትሉ ትልቅና ውድ ነው የሚፈልገው። አይመከርም።

ቀጥሎ ድምሩን አስሉ። ዋቱን ለ220 ብታካፍሉ አምፔሩን ታገኛላችሁ። 1,400 ዋት ቫኪዩምና 1,000 ዋት ትንሽ ግራይንደር አንድ ላይ 11 አምፔር ገደማ ይበላሉ። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይችለዋል። ያንኑ ቫኪዩም ከ2,200 ዋት ትልቅ ግራይንደር ጋር ብታስኬዱት 16.4 ይሆናል። ከብሬከሩ ልክ በላይ ነው፤ ሊወርድ ይችላል። ብሬከር የሌለው አሮጌ መስመር ከሆነ ደግሞ ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ይግላል፤ ይህኛው ቤት ያቃጥላል። ትልቁን ግራይንደር ሌላ መስመር ላይ ስኩት።

አንዳንዱ ቫኪዩም ሆዱ ላይ ሶኬት አለው። ግራይንደሩን እዚያ ስትሰኩት ሁለቱ አብረው ይነሳሉ፤ ግራይንደሩ ሲቆም ቫኪዩሙ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ይቆማል። ለብቻው ለሚሠራ ሰው ትልቅ እረፍት ነው። ሶኬቱ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ዋት ግን አንብቡ።

ማራዘሚያውን ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ተጠቅልሎ ሲሠራ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ላስቲኩ ይቀልጣል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ። ሲመለስ ቮልቱ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ማሽኑም ማንም ሳይኖር ራሱ ይነሳል። በጄኔሬተር የምትሠሩ ከሆነ የጄኔሬተሩ ዋት ከሁለቱ መሣሪያዎች ድምር ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ሞተር ሲነሳ ከወትሮው በላይ ይስባል።

6. ቱቦውና በርሜሉ

ለጭቃ ቤትና ለፍርስራሽ 35 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የሰፋ ቱቦ። ለሳንደርና ለድሪል ብቻ ከሆነ 27 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ቀላልም ነው። ሁለቱንም የምትሠሩ ከሆነ ሰፊውን ግዙና ጫፉ ላይ ማጥበቢያ አድርጉ። ጠባቡን ማስፋት አይቻልም።

የቱቦው ጫፍና የመሣሪያችሁ መውጫ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ለዚህ ነው ልኩን ጽፋችሁ ሂዱ ያልኩት። ካልገጠመ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በደንብ ያያይዘዋል። ባሕር ዳር ላይ ማንኛውም የብስክሌት ጠጋኝ ጋ ቁራጩ አይጠፋም። አንድ ስንዝር ቆርጣችሁ በሁለቱ ጫፍ ላይ አልብሱትና በማሰሪያ አጥብቁት።

በርሜሉ ከ20 እስከ 30 ሊትር ይሁን። ትልቅ ይሻላል ብላችሁ 60 ሊትር አትግዙ። የሲሚንቶ ልስን ፍርፋሪ የሞላ 30 ሊትር በርሜል ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ብቻችሁን አንስታችሁ አትደፉትም።

7. ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ ፈትኑት

ሀ. አስነሡትና የቱቦውን ጫፍ በመዳፋችሁ ድፈኑት። ድምፁ ወዲያው ከፍና ቀጠን ማለት አለበት። ካልተለወጠ ክዳኑ ወይም ቱቦው አየር ያስገባል ማለት ነው።

ለ. እንደ ደፈናችሁ ጆሯችሁን ወደ ክዳኑ ዙሪያ አስጠጉ። ፉጨት ካለ ላስቲኩ አልገጠመም። አቧራም በዚያው ይወጣል።

ሐ. ሻጩን አስፈቅዱና እፍኙን ጀሶ ሳቡ። እርጥቡን ጥቁር ጨርቅ አየሩ በሚወጣበት በኩል ለአንድ ደቂቃ ያዙት። ጨርቁ ከነጣ ያ ቫኪዩም አቧራ ከወለል አንሥቶ ወደ ሳንባችሁ የሚያስተላልፍ ነው። ሻጩ እምቢ ካለ ከከፈላችሁ በኋላ በዚያው ቀን ቤት ፈትኑትና ካልሆነ እንደሚመልስላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

መ. የማጣሪያውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። በሚቀጥለው ጊዜ ለሚገዛላችሁ ሰው የምትልኩት እሱን ነው።

8. ከፊቱ ባልዲ አስቀምጡለት

ከሁሉም በላይ ማጣሪያ የሚያተርፈው ይህ ነው፤ ወጪውም ጥቂት ነው። አቧራው ቫኪዩሙ ጋ ከመድረሱ በፊት በባልዲ ውስጥ ይዞራል። ከባዱ ወደ ታች ይወርዳል፤ የላመው ብቻ ወደ ቫኪዩሙ ያልፋል።

የቀለሙን ባልዲ እጠቡና አድርቁ። ክዳኑ መሐል ላይ በቱቦው ልክ አንድ ቀዳዳ፣ ጠርዙ አጠገብ ሌላ ቀዳዳ አውጡ። መሐሉ ላይ አጭር የፕላስቲክ ቧንቧ አስገቡ፤ ይህ ወደ ቫኪዩሙ ይሄዳል። ጠርዙ ላይ ባለው ደግሞ ከክዳኑ ሥር ኤልቦ (እንደ ክርን የታጠፈ የቧንቧ መገጣጠሚያ) ግጠሙለትና አፉን በባልዲው ግድግዳ ጎን ለጎን አዙሩት። የሚገባው አየር ግድግዳውን ተከትሎ እንዲሽከረከር ነው። ኤልቦው ወደ ታች ካየ መሽከርከር የለም፤ ባልዲው አይሠራም። ዙሪያውን በሲሊኮን አሽጉና አንድ ቀን ይድረቅ።

ባልዲው ወፍራም ይሁን። ቱቦው በድንገት ቢደፈን ክዳኑ ላይ ከ100 ኪሎ በላይ እንደ ተጫነ ያህል ይጨመቃል። ስሱ ባልዲ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል። ሲሦው ሲሞላ ድፉት። ከዚያ በላይ ከሞላ የወረደው መልሶ ይነሣል።

9. የመጀመሪያው የሥራ ቀን

ሞሰቡን፣ ቡሖ ዕቃውን፣ ዱቄቱን ከክፍሉ አውጡ። የማይወጣውን በላስቲክ ሸፍኑ። በሩ ላይ ላስቲክ ሰቅላችሁ ታችኛውን ጫፍ በእንጨት አስይዙት።

ከተቻለ ቫኪዩሙን በረንዳ ላይ አድርጉትና ቱቦውን ብቻ በመስኮት አስገቡ። ማጣሪያውን የሚያመልጠው ብናኝ ውጭ ይቀራል። የኤል ደረጃ ማሽን ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። ቱቦው ከ5 ሜትር እንዳይበልጥ፤ በረዘመ ቁጥር መሳቡ ይደክማል። በረንዳው ላይ ልጆች ወይም ጎረቤት እንዳይኖሩ ደግሞ እዩ።

መጀመሪያ ቫኪዩሙን፣ ቀጥሎ ግራይንደሩን አስነሡ። ስትጨርሱ መጀመሪያ ግራይንደሩን፣ ከ15 ሰከንድ ያህል በኋላ ቫኪዩሙን አጥፉ። ቱቦው ውስጥ የቀረው እንዳይመለስ ነው። ሴራሚክ የምትቆርጡት ውኃ በሚጠቀም መቁረጫ ከሆነ የሚነሣው አቧራ ከመጀመሪያውም በጣም ይቀንሳል፤ ያን ዕድል ካገኛችሁ ተጠቀሙበት።

ማጣሪያውን ውጭ አውጥታችሁ በቀስታ ጠቅ ጠቅ አድርጉት፤ ማስክ አድርጋችሁ። ግድግዳ ላይ አትምቱት፤ ወረቀቱ ከጠርዙ ይላቀቃል። በኮምፕረሰር ከውጭ ወደ ውስጥ አትንፉት፤ ብናኙ ይበልጥ ይሰርጻል። የሚታጠብ ነው ካልተባለ አታጥቡት። የሚታጠብም ከሆነ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ በክረምት ሁለትና ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። እርጥብ ማጣሪያ ላይ ሲሚንቶ ሲያርፍ ይጠነክርና ያልቃል።

የተሰበሰበውን ማዳበሪያ ውስጥ ጨምሩና ጥቂት ውኃ አርከፍክፋችሁ እሰሩት። ወደ ሽንት ቤት ወይም ወደ መታጠቢያ ቧንቧ አትድፉ። ጀሶና ሲሚንቶ ቧንቧው ውስጥ ይጋገራል።

ማስጠንቀቂያ

- ትኩስ አመድና ፍም በፍጹም አትሳቡ። ከውጭ የቀዘቀዘ የሚመስል አመድ ውስጡ እሳት አለው፤ የሚነፍስበት አየር ሲያገኝ በርሜሉ ውስጥ ይነሣል።
- ብረት ስትቆርጡ ቫኪዩሙን ከግራይንደሩ ንቀሉ። ብልጭታው የእንጨት ብናኝ ላይ ካረፈ እሳት ነው።
- ቲነር፣ ቤንዚንና ናፍጣ የፈሰሰበትን አትሳቡ። ሞተሩ ውስጥ ብልጭታ አለ።
- ውኃ ከመሳባችሁ በፊት ከረጢቱንና የወረቀት ማጣሪያውን አውጡ፤ የስፖንጁን ግጠሙ። ከጨረሳችሁ በኋላ በርሜሉን አድርቁ።
- ያልደረቀ ሲሚንቶና ማጣበቂያ ቱቦው ውስጥ ይጠነክራል። በአካፋ ይነሣ።
- ቫኪዩም ስላለ ማስክ አይቀርም። የጨርቅ ማስክና ነጠላ የሲሊካ ብናኝ አይዙም።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ከቫኪዩም በፊት በደረቁ መጥረግ። ወለል ላይ የተቀመጠውን አቧራ መጥረጊያው መልሶ አየር ላይ ያወጣዋል። ትልልቁን መጥረግ ካለባችሁ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ውኃ አርከፍክፉ፤ ወለሉ ላይ የቀረውን ሲደርቅ ሳቡ። የረጠበ አቧራ በወረቀት ማጣሪያ አይሳብም።

ከረጢት አልቆ ሥራ መቀጠል። «ዛሬን ብቻ» ተብሎ የሚሠራ ቀን ማጣሪያውን ይጨርሰዋል። ከረጢት ከሌለ ባልዲውን ሳትገጥሙ አትጀምሩ።

ያገለገለ ቫኪዩም ሳይከፍቱ መግዛት። ክዳኑን አንሡና ከማጣሪያው ወዲያ ያለውን የሞተሩን መግቢያ በጣታችሁ ጥረጉ። ነጭ አቧራ ከያዘ ያለ ማጣሪያ ሠርቷል። ዋጋው ቢረክስም ተዉት።

አሮጌ ጆንያ ወይም ፌስታል በከረጢት ፋንታ መጠቀም። ጆንያ ብናኙን ያሳልፋል። ፌስታል ደግሞ አየሩን ይዘጋል። ሁለቱም አያገለግሉም።

ድምፁ ሲቀጥን መቀጠል። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ እኔም የተቀጣሁበት። ድምፁ ከወትሮው ቀጥኖ መሳቡ ከደከመ ያን ጊዜውኑ አጥፉ። መጀመሪያ ቱቦውን ከቫኪዩሙ ላይ ንቀሉና አስነሡት። ያለ ቱቦ በደንብ ከሳበ የተደፈነው ቱቦው ነው፤ ዘንግ አስገብታችሁ ጭዱን ግፉት። ያለ ቱቦም ካልሳበ ከረጢቱን እዩ፤ ሞልቶ ከሆነ ለውጡት። ከረጢቱ ደህና ከሆነ ማጣሪያውን አውጡና አራግፉ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተለወጠ ትርፉን ማጣሪያ ግጠሙ።